«ቼክ አደረገ» ስለሚባለው ግስ አንዳንድ አስተያየት

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ «ቼክ» የሚባለው የእንግሊዝኛ ግስ በአማርኛ ንግግርና ጽሕፈት ውስጥ የያዘውን ስፍራ መመርመር ነው። ምሳሌዎቻችንን የምንወስደው ከምናውቀው አገር፥ ማለት ከአርባ ምንጭ ከተማና ከጋሞ ዞን ነው። ቃሉ እንግዳ ስለ ሆነ ብቻ ልንነቅፈው አልተነሣንም። አማርኛ ከአረብኛም፥ ከጣሊያንኛም፥ ከፈረንሳይኛም ብዙ ቃል ተቀብሎ የራሱ አድርጓል፤ በዚህም አልደኸየም። የእኛ ጥያቄ ሌላ ነው፤ ይኸውም አንድ ቃል ገብቶ ሰባት ስምንት ቃል ከየስፍራው ሲያስለቅቅ፥ ከቃላቱ ጋር አብሮ የሚሄደው ነገር ምንድን ነው? የሚል ነው።

መልሳችንን አስቀድመን እንናገር። አብሮ የሚሄደው ኀላፊነት ነው። የአማርኛ የምርመራ ግሶች ማን እንደ ተመለከተ፥ በዐይኑ ይሁን በእጁ ወይም በመሣሪያ፥ ከተመለከተም በኋላ ምን እንደሚጠበቅበት ለይተው ይናገራሉ። «ቼክ ተደርጓል» የሚለው ቃል ግን ከነዚህ አንዱንም አይናገርም። ስለዚህ ሥራውን በሚገባ የሠራውም፥ በሩቁ አይቶ ያለፈውም፥ በዚሁ በአንድ ቃል ሥር ተሸሽገው እኩል ይቆማሉ። ይህ ከተራ ወሬ አልፎ በመዝገብ፥ በቃለ ጉባኤና በጥናት ጽሑፍ ላይ ሲገባ፥ ጉዳቱ የሰዋስው ጉዳት ብቻ አይሆንም።

፩. ቃሉ ከወዴት መጣ?

ቃሉ የተወለደው በጨዋታ ሜዳ ነው። የፋርስ ሰዎች ንጉሥን «ሻህ» ይላሉ፤ በሰንጠረዥ ጨዋታም የባላጋራውን ንጉሥ የሚያስጨንቅ ተጫዋች «ሻህ!» ብሎ ያስጠነቅቃል። ይህ ቃል በአረብኛ በኩል አልፎ፥ በጥንታዊው ፈረንሳይኛ ቅርፁን ለውጦ፥ ወደ እንግሊዝ አገር ሲገባ «ቼክ» ሆነ። ንጉሡ በተጨነቀ ጊዜ ጨዋታው እንደ ልብ መሄዱ ይቆማልና፥ ቃሉ «አስቆመ፥ ገታ» የሚል ትርጉም ያዘ። ከመግታት ወደ መቆጣጠር፥ ከመቆጣጠርም የአንዱን ሒሳብ ከሌላው ጋር ወደ ማመሳከር ተሸጋገረ። በመጨረሻም የማመሳከሪያው ምልክት ራሱ በዚሁ ስም ተጠራ። በባንክ ቤት የምንጽፈው ቼክና ባለአራት ማዕዘን ሥዕል ያለበት ጨርቅም የዚሁ ቃል ቤተ ሰቦች ናቸው።

እዚህ ላይ አንድ ደስ የሚያሰኝ መመሳሰል እናገኛለን። በመካከለኛው ዘመን የእንግሊዝ ነገሥታት ግምጃ ቤት ሹማምንት ገንዘብ የሚቆጥሩት እንደ ሰንጠረዥ ገበታ በተሠመረ ጨርቅ ላይ ነበር፤ የግምጃ ቤቱም ስም ከዚያው ከገበታው ተወሰደ። እኛም «ሰንጠረዥ» የሚለውን የጨዋታ ስም በአረብኛ በኩል ተቀብለን፥ ዛሬ በመጽሐፍ ገጽ ላይ በቁም ሥመሮችና በአግድም ሥመሮች ለተከፋፈለ የቁጥር መደብ አውለነዋል። ሁለቱ ሕዝቦች ሳይመካከሩ ከአንድ ጨዋታ የሒሳብ ቃል አወጡ ማለት ነው። ስለዚህ የባዕድ ቃል መቀበል በራሱ ነውር እንዳልሆነ ሰንጠረዥ ምስክር ነው። ነገር ግን ሰንጠረዥ የገባው ስም ያልነበረውን ነገር ሊሰይም ነው፤ ቼክ ግን የገባው ስም ባላቸው ነገሮች ላይ ነው።

«መግታት» የሚለው የቃሉ ጥንታዊ ትርጉም በእንግሊዝኛ ዛሬም ሕያው ነው። በመስከረም 2011 ዓ.ም. በቡራዩና በአካባቢው በደረሰው ጥቃት ብዙ የጋሞ ተወላጆች ተጐድተው ነበር፤ የአርባ ምንጭ ወጣቶችም ተቈጥተው ለበቀል በተነሡ ጊዜ የጋሞ ሽማግሌዎች እርጥብ ሣር ይዘው በፊታቸው ተንበረከኩ፤ ወጣቶቹም ተመለሱ። ይህን ሥራ በእንግሊዝኛ የሚጽፍ ሰው «ሽማግሌዎቹ ቁጣውን ቼክ አደረጉት» ቢል ትክክል ነው። በአማርኛ ግን ይህንኑ ቃል ብንደግመው፥ ሰሚው ሽማግሌዎቹ ቁጣው መኖሩን አይተው የሄዱ ይመስለዋል። የእኛ ቃል «ገቱ» ነው። እንግዲህ የተቀበልነው የእንግሊዝኛውን ቃል ሙሉ ሀብት ሳይሆን አንድ ጎኑን ብቻ መሆኑን ከዚህ እንረዳለን።

፪. የአማርኛ ግሶች

ከዚህ ቀጥለን በአማርኛ ያሉትን ዋና ዋና ግሶች በየሥራቸው እንመልከት።

«ፈተሸ» የእጅ ሥራ ነው። ድምፁም ትርጉሙም ከአረብኛው «ፈተሸ» ጋር አንድ ነው። ከላንቴና ከጫኖ ሙዝ የጫነ መኪና ወደ አዲስ አበባ ሲጓዝ በየኬላው ይቆማል፤ ፈታሹም ሸራውን ገልጦ፥ እጁን በጭነቱ መካከል ሰዶ፥ የተሸሸገ ነገር እንዳለ ይፈልጋል። ፍተሻ ጥርጣሬን ያስቀድማል፤ ተፈታሹም ሊሸሽግ እንደሚችል ሰው ይቈጠራል።

«መረመረ» ግን ምክንያትን ይፈልጋል። ከግእዝ የወረስነው ቃል ነው፤ ሐኪምም ዳኛም ሊቅም ይሠሩበታል። መርማሪ ከላይ የሚታየውን ትቶ ወደ ውስጥ ይገባል፤ ሥራውም ሲፈጸም «ነገሩ እንዲህ ሆኖ ተገኘ» የሚል ቃል ይጠበቅበታል። ውጤቱ ያልተነገረ ምርመራ ያላለቀ ምርመራ ነው።

«ፈተነ» ነገሩን ወይም ሰውን በመከራ ውስጥ አሳልፎ ጽናቱን ያያል። ወርቅ በእሳት ይፈተናል፤ ተማሪ በጥያቄ ይፈተናል፤ አማኝም በፈተና ይፈተናል። ሦስቱም አንድ ባሕርይ አላቸው፤ ተፈታኙ ወይ ያልፋል ወይ ይወድቃል።

«ጎበኘ» የባለቤት ወይም የወዳጅ ዐይን ነው። የጋሞ ደጋ እናት የእንሰት ጓሮዋን ትጎበኛለች፤ ጐረቤት በሽተኛ ይጎበኛል፤ ሹም አገሩን ይጎበኛል። ዛሬ ደግሞ ነጭ ሣር ብሔራዊ ፓርክን ሊያይ የሚመጣው እንግዳ «ጎብኚ» ይባላል። በመጎብኘት ውስጥ ፍቅር ወይም ሥልጣን አለ እንጂ ጥርጣሬ የለም። ስለዚህ «ወይዘሮዋ እንሰታቸውን ፈተሹ» ብንል አነጋገሩ ያስቃል።

«ዳሰሰ» የጣት ቃል ነው። የጋሞ ሸማኔ የሠራውን ጋቢ የሚገዛ ሰው ድርና ማጉን በጣቶቹ ዳስሶ ጥብቀቱን ያውቃል። እኛ ተማሪዎች «የዳሰሳ ጥናት» የምንለው ከዚሁ የተወሰደ ነው፤ ስያሜውም ትሕትና አለው፤ ነገሩን ገና በጣታችን ነካነው እንጂ ዘልቀን አላየነውም ማለት ነውና።

«ተቆጣጠረ» «ቆጠረ» ከሚለው ሥር ይወጣል። ተቆጣጣሪ ስንት ገባ፥ ስንት ወጣ፥ ስንት ቀረ ብሎ ይጠይቃል። ሥራው ለአንድ ቀን ሳይሆን ዘወትር ነው።

«አረጋገጠ» ደግሞ ከ«ረገጠ» ጋር አንድ ሥር አለው። በሥሩ ስንመለከተው፥ እግሩን አሳርፎ መሬቱ እንደማይከዳው ያወቀን ሰው ያስታውሰናል። «እርግጥ» የምንለውም ከዚሁ ነው። ሹፌር ረዳቱን «ጎማውን ቼክ አድርገው» ሲለው ረዳቱ ወርዶ ጎማውን በእግሩ መታ መታ አድርጎ ይመለሳል። እንዲህ ያለው ሰው ቃሉን ባያውቀውም ሥሩን ጠብቆታል፤ ጎማው ግን በዚህ መረገጥ ብቻ መረጋገጡ ያጠራጥራል።

በመጨረሻ «አጣራ» የውሃ ቃል ነው፤ ለአርባ ምንጭም ከሁሉ ይልቅ የሚቀርበው ይህ ነው። ከሼቻ አፋፍ ሆኖ ወደ ታች የሚመለከት ሰው ሁለት ሐይቆች ያያል። ዓባያ በውስጡ ከተንሳፈፈው ደለል የተነሣ ቀይ ቡናማ ነው፤ ጫሞ ግን ከዓባያ ይልቅ የጠራ ነው። ከገደሉ ሥር ደግሞ ከተማዪቱ ስሟን ያገኘችባቸውና የምትጠጣባቸው ምንጮች ይፈልቃሉ። የደፈረሰውን ማቆየት፥ ማስረግ፥ ማጥለል፥ ከዚያም መቅዳት፤ ማጣራት ይህ ነው። ክርክርም በዚሁ ቃል ይጠራል፤ «ሳይደፈርስ አይጠራም» እንዲሉ፥ ነገር የሚጠራው አንድ ጊዜ ታይቶ ሳይሆን ጊዜ ተሰጥቶት ነው።

፫. ምን ይጠፋል?

አሁን ወደ ነቀፋችን እንምጣ። አርባ ምንጭና ቆላማው አካባቢዋ የወባ አገር ናቸው። ልጇ ያተኮሳት እናት ወደ ጤና ጣቢያ ሄደች እንበል። «ልጁን ቼክ አድርገነዋል፤ ደኅና ነው» ተብሎ ቢነገራት፥ ምን ተነገራት? ከጣቱ ደም ተወስዶ በማይክሮስኮፕ ተመርምሮ ነውን? ወይስ ግንባሩ በእጅ ተዳስሶ? ወይስ በሩቅ ታይቶ? ሦስቱም ቼክ ናቸው። «ደሙ ተመርምሯል፤ ወባ አልተገኘበትም» ቢባል ግን ሐሰት ካልሆነ በቀር ሌላ ትርጉም ሊሰጠው አይቻልም። የመጀመሪያው ቃል ተናጋሪውን ከሐሰትም ከእውነትም ነፃ ያወጣዋል፤ አደገኛነቱም እዚህ ላይ ነው።

ስለ ውሃም እንዲሁ ነው። «የጠራ ውሃ» እና «የተጣራ ውሃ» አንድ አይደሉም። የጠራው በተፈጥሮው ለዐይን ንጹሕ ሆኖ የሚታይ ነው፤ የተጣራው ግን ሰው የደከመበት ነው። በጠራ ውሃ ውስጥ ዐይን የማያየው በሽታ አምጪ ተሕዋስ ሊኖር እንደሚችል እናውቃለን። ቋንቋችን ይህን ልዩነት በአንዲት «ተ» ፊደል ጠብቆልናል። «ውሃው ቼክ ተደርጓል» የሚለው አነጋገር ግን ብርጭቆውን ወደ ብርሃን አንሥቶ ያየውን ሰውና ናሙናውን በላቦራቶሪ የመረመረውን ሰው አይለይም።

የመኪናን ነገር ብንወስድ ደግሞ ችግሩ ከቼክ በፊትም እንደ ነበረ እናያለን። ተሽከርካሪ በየዓመቱ ይመረመራል፤ ምርመራውን ማለፉን የሚያሳየው ምልክት «ቦሎ» ይባላል። ቃሉ ከጣሊያንኛ ነው፤ ማኅተም ወይም ቴምብር ማለት ነው። ሕዝቡም ቀስ በቀስ ምርመራውን ራሱን በወረቀቱ ስም ጠራው፤ «መኪናዬን አስመረመርሁ» ማለት ቀርቶ «ቦሎ አሳደስሁ» ማለት ተለመደ። ከሼቻ ወደ ሲቀላ ቁልቁል በምትወርድ ባጃጅ ላይ የተቀመጠ መንገደኛን የሚያድነው ግን ፍሬኑ ነው እንጂ ቦሎው አይደለም። ሥራው በምልክቱ ሲጠራ ምልክቱ ሥራውን ይተካዋል። የቼክም ታሪክ ይኸው ነው፤ በመዝገብ ላይ የምትደረገው ትንሽ የ«ራይት» ምልክት ምርመራውን ትተካለች።

፬. ስለ ባህል ጥናት

ይህ ጉዳይ ይልቁንም ስለ ጋሞ ባህል ለምንጽፍ ተማሪዎች ከባድ ነው፤ እኛ ከጋሞኛ ወደ አማርኛ፥ ከአማርኛም ወደ እንግሊዝኛ እንመላለሳለንና። በጋሞ ደጋ «ጎሜ» የሚባል ነገር አለ፤ የተከለከለውን መተላለፍና ከመተላለፉ የተነሣ የሚመጣው መከራ ነው። ሰው ሲታመም ወይም ክፉ ነገር ሲደርስበት የተላለፈው ነገር ይፈለጋል፤ በደል ከተገኘም ይነገራል፤ ዕርቅም ይደረጋል። ዲና ፍሪማን በ2002 (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር) ባሳተመችው ስለ ዶኮ በሚናገረው መጽሐፍ፥ ማርክ አቤሌስም በ1983 ስለ ኦቾሎ ጉባኤዎች ባሳተመው መጽሐፍ፥ የጋሞን ሥርዐትና አደባባይ በሰፊው ገልጠዋል። ታዲያ ይህን የበደል ፍለጋ በአማርኛ ምን እንበለው? ምርመራ ብንለው መርማሪው በግድ የሚያናግር ይመስላል። ፍተሻ ብንለው ስድብ ይሆናል። ኑዛዜ ብንለው የቤተ ክርስቲያኑን ሥርዐት እናስገባበታለን። ስለዚህ ተገቢው መንገድ ድርጊቱን በዝርዝር መጻፍ ነው፤ ማን ጠየቀ፥ ማን መለሰ፥ በዱቡሻ ነው ወይስ በቤት። «ሽማግሌዎች ጎሜውን ቼክ ያደርጋሉ» ብሎ የሚጽፍ ተማሪ ግን ጥናቱን ሳይጀምር ጨርሶታል።

ሌላም ምሳሌ አለ። ዳን ስፐርበር በ1974 በፈረንሳይኛ ባሳተመው ስለ ተምሳሌት በሚናገረው መጽሐፉ ከዶርዜ የሰማውን ጽፏል። ዶርዜዎች ነብር ክርስቲያን ነው፥ ጾምም ያከብራል ይላሉ። ሆኖም አንድ የዶርዜ ሰው ረቡዕና ዓርብም ቢሆን ከብቱን ከነብር ከመጠበቅ አይቦዝንም። የእንግሊዝኛው ግስ መግታትንም ማረጋገጥንም በአንድነት ስለሚይዝ፥ «ሰውየው ነብሩን ቼክ ያደርጋልን?» የሚለው ጥያቄ ሁለት ጥያቄ ነው። የነብሩን ጾም ያረጋግጣልን? አያረጋግጥም፤ ይህ ለእርሱ የማረጋገጥ ነገር አይደለም። ከብቱን ይጠብቃልን? ዘወትር ይጠብቃል። በአማርኛ ሁለቱ ግሶች ተለያይተው ስለ ቆሙ፥ በእንግሊዝኛ እንቆቅልሽ የሚመስለው ነገር በእኛ ዘንድ ግማሹ ተፈቷል።

፭. ተቃውሞዎች

ለዚህ ሁሉ ሊቀርቡ የሚችሉ ተቃውሞዎች አሉ፤ እነርሱንም ልናልፋቸው አይገባም።

አንደኛው፥ የአማርኛው ግሶች ራሳቸው ድንበራቸውን ይስታሉ የሚል ነው። እውነት ነው። በወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዐት ሕግ የቤት ፍተሻ «ብርበራ» ሲባል፥ በ1987 ዓ.ም. በጸደቀው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 26 ደግሞ ሰውነትና መኖሪያ ቤት ከ«መመርመር» እንደሚጠበቁ ተጽፏል። ዛሬም «ራስን መፈተሽ» እና «የጥራት ፍተሻ» ሲባል እንሰማለን፤ ፈተሸ ከኬላ ወጥቶ ወደ ስብሰባ አዳራሽና ወደ ላቦራቶሪ ገብቷል። ነገር ግን ድንበሩን የሳተ ቃል ድንበር ነበረው፤ ስለዚህም ልንከራከርበት እንችላለን። ቼክ ግን በአማርኛ ከመጀመሪያው ድንበር አልተበጀለትም።

ሁለተኛው፥ «ተመርምሯል» የሚለውም አድራጊውን ይሰውራል የሚል ነው። ይህም እውነት ነው። ሆኖም አድራጊውን ቢሰውር ሥራውን አይሰውርም፤ «ተመርምሯል» ላለን ሰው «ውጤቱ ምንድን ነው?» ብለን ልንጠይቀው መብት አለን።

ሦስተኛው፥ ቼክ አጭርና ቀላል ነው፤ ምን ማድረግ እንደሚያስፈልግ ገና ባልታወቀ ጊዜም ይጠቅማል የሚል ነው። ይህን ያለ ክርክር እንቀበላለን። ሰው ጓደኛውን «ስልክህን ቼክ አድርግ» ቢለው ማንም አይጐዳም። ቃሉ ለዕለት ንግግር የተፈቀደ ይሁን፤ ሰው ሕይወቱን ወይም ገንዘቡን በሚጥልበት ጽሑፍ ግን ስፍራ አይኑረው ነው የምንለው።

፮. ምን ይደረግ?

ለቃሉ አንድ ብቸኛ የአማርኛ ምትክ ማውጣት አያስፈልግም፤ እንዲያውም ስሕተቱን በአገር ልብስ ማልበስ ይሆናል። ቮልፍ ሌስላው በ1973 (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር) ያሳተመው የእንግሊዝኛና የአማርኛ መዝገበ ቃላት የተሻለውን መንገድ አሳይቷል፤ የእንግሊዝኛውን ቃል ብቻውን ሳይሆን በዐረፍተ ነገር ውስጥ አግብቶ ይተረጕማልና። እኛም ቼክ የሚለው ቃል ከብዕራችን ጫፍ ሲደርስ አራት ጥያቄዎች እንድንጠይቅ እናሳስባለን።

ሀ) ማን ተመለከተ?
ለ) በምን ተመለከተ? በዐይን፥ በእጅ፥ በጥያቄ ወይስ በመሣሪያ?
ሐ) ከምን ጋር አመሳከረው? መለኪያው ምንድን ነው?
መ) ምን ተገኘ? ካልተገኘስ ቀጥሎ ምን ይደረጋል?

ለምሳሌ በአንድ ዘገባ ላይ «የቀበሌው ቦኖዎች ቼክ ተደርገዋል» የሚል ዐረፍተ ነገር ተጽፎ እናግኝ። አራቱን ጥያቄዎች ጠይቀን እንደገና ብንጽፈው እንዲህ ሊሆን ይችላል፦ «የውሃ ቴክኒሺያኑ ቦኖዎቹን አንድ በአንድ ጎብኝቷል፤ የሚያፈሱትን ቆጥሯል፤ ከእያንዳንዱም ናሙና ወስዶ ለላቦራቶሪ ሰጥቷል፤ የምርመራው ውጤት ገና አልመጣም።» ይህ ጽሑፍ ከፊተኛው ይልቅ ረዥም ነው፤ ይህንንም አንክድም። ነገር ግን የመጨረሻዪቱን ሐረግ ልብ ማለት ይገባል። ውጤቱ ገና አልመጣም። ፊተኛው ዐረፍተ ነገር ያሳጠረው ይህችን ሐረግ ጥሎ ነው፤ ከቦኖው ቀድቶ ለሚጠጣው ሰው ግን ከዘገባው ሁሉ የምታስፈልገው እርስዋ ነበረች።

ይህ አስተያየት የግሶቹን ሁሉ ታሪክ የሚፈጽም አይደለም። «ቃኘ»፣ «አሰሰ»፣ «አመዛዘነ» እና «አስተዋለ» የየራሳቸው ጥናት ይገባቸዋል። ይልቁንም ጋሞኛን አፍ የፈቱበት ጓደኞቻችን የጋሞኛን የማየትና የመመርመር ግሶች በዚህ ዓይነት ለይተው ቢጽፉልን፥ በሁለቱ ቋንቋዎች መካከል ስንተረጕም ምን እንደሚጠፋ ይበልጥ ይታወቃል። መምህራንና ተማሪዎች ይህን እንዲቀጥሉበት እያሳሰብን ጽሑፋችንን እዚህ ላይ እናቆማለን።